ለአቧሬው ፕሪንተር ሠሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ወገኖቼ፣ የሰው ምስጋና አነብባለሁ እንጂ እኔ ጽፌ አላውቅም። የዛሬውን ግን ዝም ብለው ግፍ ይሆንብኛል።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰኔ ለእኛ መኸር ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ፣ «ከሁለት ሰዓት በኋላ ማስረከብ አለብኝ» እያለ እየሮጠ ይመጣል። ልክ በዚያ ሰሞን የቀለም ፕሪንተሬ ቀጥ አለ። አልጮኸ፣ አልጨሰ፣ ወረቀት አልነከሰ። ሁለት ቀይ መብራቶች ተራ በተራ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የአንድ ክፍሉ ዕድሜ ማብቃቱን የሚናገር ጽሑፍ ወጣ። ጠዋት አርባ ገጽ ጥርት አድርጎ ያተመ ማሽን ነው እንግዲህ!

ከዚያ መንከራተት መጣ። የመጀመሪያው ቤት ሳይከፍተው «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ፤ ለዚህች ቃል 700 ብር ከፈልኩ። ሁለተኛው አራት ቀን አስቀምጦ «መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም፤ አዲስ ከፈለጉ እኛ ጋ አለ» አለ። አዲሱ ከ40 ሺህ ብር በላይ ነው። አንጀቴን ያሳረረው ግን ሦስተኛው ነው። ማሽኑን ስረከብ አራት ብሎኖች ጎድለዋል፣ የቀለም መሙያው ክዳን ተሰብሯል፤ ቀለሙ ታክሲ ውስጥ ፈስሶ ነጠላዬን አበላሸው። ተመልሼ ብጠይቅ «እንዲሁ ነው ያመጡት» ተባልኩ። እንዲሁ ነው ያመጡት! ዓይኔን እያዩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

ስለዚህ ልጅ የነገረችኝ አጠገቤ ጥረዛ የምትሠራው ጎረቤቴ ናት። ቤቱ አቧሬ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ስገባ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ምንም ተስፋ አልነበረኝም። ልጁ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ እስክጨርስ ሰማኝ (ይህም ብርቅ ሆኖብኝ ነበር)፤ ከዚያ አንድ ብሎን በካቻቢቴ ፈትቶ ከበስተኋላው ትንሽ ሳጥን መዝዞ አወጣ። ጋዜጣ ዘረጋና ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ስፖንጅ በወረንጦ ጎተተ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀለም ጠጥቶ ያበጠ። ጋዜጣው ላይ ሲያርፍ ዳር ዳሩን ሰማያዊና ቀይ እያደረገ ተንጣለለ። «ይኸው በሽታው» አለኝ።

እንደገባኝ ከሆነ ማሽኑ አፍንጫውን ባጸዳ ቁጥር የሚተፋው ቀለም እዚያ ስፖንጅ ላይ ይጠራቀማል። ሞልቶ እንዳይፈስ አምራቹ ቆጣሪ አስቀምጦለታል፤ ቆጣሪው የተወሰነለት ላይ ሲደርስ ሌላው አካሉ ምንም ጤነኛ ቢሆን ማሽኑ ይቆማል። ስፖንጁን መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ቆጣሪውም ወደ ዜሮ መመለስ አለበት፤ መመለሻው ደግሞ ለእኔ ለገዢዋ አልተሰጠኝም። ልጁ እንዴት አድርጎ እንደመለሰው አትጠይቁኝ። «እትዬ፣ ማሽንዎ አልሞተም፤ ሙት ተብሎ ታዝዞ ነው» ነው ያለኝ።

ማታ ፓሪስ ላለችው እህቴ ብነግራት ሳቀች። እዚያ ሆን ብሎ የዕቃን ዕድሜ ማሳጠር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት እስራትና 300 ሺህ ዩሮ ቅጣት አለው። በ2021 ደግሞ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ልብስ ማጠቢያ ሲሸጥ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከ10 ያገኘውን ነጥብ መለጠፍ ግዴታ ሆነ። እኔ ስገዛ የጠየቅኩት የአንድ ዓመቱን ዋስትና ብቻ ነበር። አባቴ በቆዳ የተለበጠ ራዲዮ ነበረው፤ የጀርባ ክዳኑ በሳንቲም ይከፈት ነበር። የሰፈራችን ራዲዮ ሠሪ ስንቴ እንደከፈተው እንጃ፤ አባቴ ካረፈ በኋላም እናቴ ዜና ስትሰማበት ኖራለች።

ወደ ልጁ ልመለስ። አዲሱ ስፖንጅ የሚመጣው በማግስቱ ነበር። ተማሪዎቹ እንደሚጠብቁኝ ስነግረው ትንሽ አሰበና የራሱን ፕሪንተር ነቅሎ «ተማሪዎቹ አይጉላሉ፤ ነገ ይመልሱልኛል» ብሎ አሸከመኝ። መታወቂያ አልጠየቀኝም። ስልኬን እንኳ የመዘገበው እኔ ግድ ስለው ነው። ዕንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ያን ዕለት ማታ እስከ ሦስት ሰዓት በሰው ማሽን አተምኩ።

በማግስቱ የጎደሉትን አራት ብሎኖች ከራሱ ጣሳ ለቅሞ ገጠመልኝ፤ ስፖንጁ የተቀየረበትንም ቀን በእስክሪብቶ ጽፎ ማሽኑ ጎን ላይ ለጠፈው። ዋጋው 1,200 ብር ነው አለ። 2,000 ብሰጠው 800ውን ቆጥሮ መለሰልኝ። «ለሻይ» ብለው «ሻይማ ጠጥቻለሁ» ብሎ ሳቀ። ይኸው ወራት አለፉ፤ ማሽኑ እንደ አዲስ ይሠራል።

እባካችሁ፣ «አለቀለት፣ ጣሉት» የተባላችሁ ሁሉ ከመጣላችሁ በፊት ለዚህ ልጅ አሳዩት። የማይሠራውን አይሠራም ይላችኋል፤ እኔ እያለሁ አንዱን «ይህ ገንዘብዎን ይበላል» ብሎ መልሶታል። ስሙን እንድጽፍ አልፈለገም፤ ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት ወረፋ አለ፣ መቀመጫው ደግሞ አንድ ዱካ ብቻ ነው።