«አንድ ሰዓት ይበቃል» ያለኝ ሻጭና የእኔ ትራምፖሊን፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ትራምፖሊኑን፣ ያንን በሞላ የተወጠረ የልጆች መዝለያ፣ የሸጠልኝ ሰው አልዋሸኝም። «መገጣጠሙ ስንት ይፈጃል?» ስለው «አንድ ሰዓት» አለኝ። እውነትም አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። እሁድ ማታ አንድ ሰዓት። የጀመርነው ግን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

ይሄ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። አሁን ጥቅምት ላይ ነን፣ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ልጆቹ ይወዱታል፣ ይዘሉበታል፣ እንዳይወድቁ ዙሪያውን የሚከልላቸው መረብም አልተቀደደም። ስለ ዕቃው ጥሩነት ይሄ ይበቃል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚያች ቅዳሜና እሁድ ነው።

የገዛሁት ባለ 10 ጫማውን ነው። ከዳር እስከ ዳር ሦስት ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ ይህን ታነበዋለች። የምንኖረው ቀበና፣ ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ፣ የድሮ ግቢ ውስጥ ነው። በዚህ ዘመን መሀል አዲስ አበባ ላይ ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው ይሉናል። ዕድለኛ ነን፣ ግን ግቢያችን ወደ ወንዙ ያዘነብላል። ይሄን ያወቅኩት ብረቱ በእግሮቹ ከቆመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኳሱ ሁልጊዜ ወደ አጥሩ ሲንከባለል ልጆቹን ነበር የምቆጣው።

በብረቱ ላይ አላማርርም። ቱቦው ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ እግሩ በብሎንና በዳዶ ይታሰራል። የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ አልገባም ብሎ አስቸገረ። ጎረቤታችን ጋሼ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው መጡ። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። «ጨርቅ አድርግበት እንጂ ልጄ! ቀለሙን ልጠህ ልታዝገው ነው?» አሉኝ። ጨርቅ አደረግንበት፣ ገባ። እዚህ ድረስ 50 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሻጩን ላመሰግነው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ጋሼ ለምሳ ሄዱ። እኔ ወደ ሞላዎቹ ገባሁ።

ሞላዎቹ 60 ናቸው። አንዱ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ መዝለያው ሸራ ላይ ይሰካል። ከአንድ ወገን ጀምሬ በተርታ መስካት ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ በእጅ ብቻ የሚገቡ ናቸው። «ይሄ ነው እንዴ የሚፈራው?» እያልኩ ፎቶ ሁሉ ልኬ ነበር። ሰላሳዎቹ ውስጥ ስገባ ነገሩ ተለወጠ። ሸራው ጠቅልሎ ወደ አንድ ወገን ተስቧል፣ ማዶ ያለው ጠርዝ ከብረቱ ርቆ ቀርቷል። ከካርቶኑ ጋር የመጣችውን መጎተቻ መንጠቆ ይዤ ታገልኩ። በፒንሳ ሞከርኩ። መዳፌ ተላጠ። 38ኛው ላይ እጅ ሰጠሁ።

ጋሼ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ተመለሱ። ዞር ዞር ብለው አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ «የመኪና ጎማ ስትቀይር ብሎኑን እንዴት ነው የምታጠብቀው?» አሉኝ።

«በመስቀለኛ።»

«እና?»

እናማ ሠላሳ ስምንቱም ወጡ። ማውጣቱ ከማስገባቱ ይብሳል፤ የተወጠረ ሞላ ሲለቀቅ ጣት አይምርም። አሥራ አንዱ ሲቀሩ መብራት ሄደ። ቅዳሜ በዚህ አለቀች።

የመመሪያውን ወረቀት ያገኘሁት ማታ በባትሪ ካርቶኑን ሳጣጥፍ ነው። ከታች ተጣብቆ ነበር። ሥዕሉ ላይ የሰዓት ፊት የመሰለ ክብ አለ። መጀመሪያ 12 ላይ አንድ ሞላ፣ ቀጥሎ ትይዩው 6 ላይ፣ ከዚያ 3 እና 9። ከዚያ በየመካከሉ። እንዲህ ሲሆን ውጥረቱ በሁሉም ወገን እኩል ይደርሳል። ጋሼ ወረቀት ሳያዩ የነገሩኝን ማለት ነው።

«ታዲያ ወንድሜ፣ ወረቀቱን ሳታነብ ምን አስጀመረህ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ሻጩ። እሺ፣ እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ግን አንተስ? ሱቅህ በር ላይ ተገጥሞ የቆመውን አይተህ እንጂ አንድ ቀን ራስህ ሞክረኸዋል? ብሩን ስትቆጥር መዳፍህን አይቼዋለሁ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ነው። ቦታው መደልደል አለበት ብትለኝ ምን ነበረበት? ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብትለኝስ?

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አካፋ ይዤ ከላይ በኩል ያሉትን እግሮች ቦታ ቆፈርኩ። ጋሼ ውሃ ልካቸውን አምጥተው «ገና ነው»፣ «ትንሽ ጨምር» እያሉ አስቆፈሩኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ሞላዎቹ በመስቀለኛ ለሁለት ሆነን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፉ ነው። የመረቡ ምሰሶዎች፣ ሞላዎቹ ላይ የሚለብሰው ስፖንጅ፣ ሸራ ሽፋኑ፣ ማሰሪያው ደግሞ ቀኑን ጨረሱት። በየመሀሉ ቡና ነበረ፣ አልክድም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ትራምፖሊንም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው በዚያው ሲድኒ ነው። እዚያ ጊዜ በመቶኛ ሲቆጠር እኔ ዘንድ በቀን ተቆጠረ።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ትከፋለች፤ የስፖንጁ ሽፋን ሚያዝያ ላይ መሰነጣጠቅ ጀመረ። የሕፃናት ሐኪሞች የአሜሪካ ማኅበር ትራምፖሊን በየቤቱ ባይኖር ነው የሚመክረው፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰውም ከአንድ በላይ ሰው ሲዘል ነው። ይሄንንም ሻጩ አልነገረኝም። እኛ ዘንድ አንድ ባንድ ነው የሚወጣው፣ «ተራው የእኔ ነው» በሚል ግን በየቀኑ ጦርነት አለ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡን ፈርቼ ሸራውን፣ ሞላዎቹንና መረቡን ፈታሁ። ያኔ ያላሰብኩት ነገር አለ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ልጆቹ ሙሉ ቀን ቤት በዋሉበት ሁለት ወር ግቢው ውስጥ የቆመው ባዶ ክብ ብረት ነበር። ያን ጊዜ «ጥሩ ግዢ ነው?» ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ በነፃ እሰጣችሁ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ከጋሼ ጋር መልሰን ገጠምነው። ብረቱ ቆሞ ስለቆየ የቀረን ሞላውና መረቡ ብቻ ነው። በስልኬ ለካሁት፤ ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች፣ የተደለደለ ቦታ ላይ፣ ግማሹ ሥራ አልቆ! እንግዲህ ለጀማሪ ሙሉ ቀን ያዙለት። ጓንትም ግዙ። ትንሿ ልጄ የዚያን ቀን ማታ እራት እምቢ ብላ እስኪጨልም ዘለለች፤ ለሳምንት ያህል ሻጩን ይቅር ብዬው ነበር።

ጥር ላይ ግን የእህቴ ሰርግ ነው። ድንኳኑ የሚተከለው እዚያው ነው፣ ሌላ ሜዳ የለንም። ብረቱም ጭምር ሊፈታ ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አሉኝ።

«ሦስት ሰዓት።»

«የየትኛው ቀን?»