የበተርፍሪ ስንብት፦ የልጅነት ፖኬሞንን በጅማ ዳግም ማየት

ልጆች ሳለን ጅማ መርካቶ አካባቢ ከነበረ አንድ ሲዲ ማከራያ ደጋግመን የምንወስደው የፖኬሞን፣ ማለትም ፖኬሞን የሚባሉ ፍጡራንን እየያዙ ስለሚያሠለጥኑ ልጆች የሚተርከው የጃፓን ተከታታይ ካርቱን፣ ሲዲ ክፉኛ የተጫረ ስለነበር፣ የሃያ አንደኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና ድምፁ ብቻ እየተቆራረጠ ይቀጥል ነበር። ስለዚህ ዋናው ገጸ ባሕርይ ልጁ አሽ ቢራቢሮ የሚመስለውን ፖኬሞኑን በተርፍሪን የሚሰናበትበትን ትዕይንት እኔና እህቴ የምናውቀው በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው። እንግሊዝኛውን በቅጡ ባንረዳውም ልጁ እያለቀሰ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ባለፈው ክረምት ፈረንጅ አራዳ በሚገኘው የእህቴ ቤት፣ የሰባት ዓመት ልጇ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ይህንኑ ክፍል በዚያው በእንግሊዝኛው ትርጉም ከዳር እስከ ዳር ተመለከትነው።

ክፍሉ በጃፓን የታየው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ፎርኪድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትርጉም በተከታዩ ዓመት ተላልፏል። ታሪኩ አጭር ነው፤ የመራቢያ ወቅት ደርሶ ቢራቢሮዎቹ ባሕር ተሻግረው እንቁላል ሊጥሉ ሲሰባሰቡ፣ አሽም የራሱን በተርፍሪ መልቀቅ እንዳለበት ከጓደኛው ከብሮክ ይረዳል። በተርፍሪ አሽ በገዛ እጁ የያዘው የመጀመሪያው ፖኬሞን ነው፤ የያዘውም ገና አረንጓዴ አባጨጓሬ ሳለ ነው። ይህን የሚያሳየውን ሦስተኛውን ክፍል ያላየ ሰው የስንብቱ ክብደት በሙሉ ላይሰማው ስለሚችል፣ አስቀድሞ እሱን እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሮዝ ቀለም ያላት ቢራቢሮ በተርፍሪን ገፍታ ስትመልሰው ኀፍረቱን ያለ አንዲት ቃል እንረዳለን። ቲም ሮኬት የተባሉት የፖኬሞን ሌቦች መረብ ይዘው የሚመጡበት ክፍል ግን ጥድፊያ የበዛበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምንም እንኳ የእህቴ ልጅ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እዚያ ላይ ቢሆንም።

ትርጉሙን ከፍ የሚያደርገው የድምፅ ትወናው ነው። የአሥር ዓመቱን አሽን የምትጫወተው ቬሮኒካ ቴይለር ናት፤ ያ ድምፅ የሴት መሆኑን ያወቅሁት ከጎለመስሁ በኋላ ነው። በስንብቱ ላይ ለማበረታታት ብላ ጀምራ ሳግ ሲተናነቃት፣ በዚያ በተጫረ ሲዲ እንኳ ሳይጠፋ ወደ እኛ የደረሰው ነገር ምን እንደነበር አሁን ገባኝ።

በዚህ ጊዜ እህቴ ጓዳ ሆና ቡና ትቆላ ነበር። የአሽን ጥሪ ስትሰማ መቁያውን ከእሳት አውርዳ በር ላይ ቆመች። በበተርፍሪ አንገት ላይ የታሰረው ቢጫ ሻርፕ እየራቀ፣ እያነሰ ሲሄድ ሦስታችንም ዝም አልን።

«አጎቴ፣ ሻርፑን ሲያይ ያስታውሰዋል?» አለች ትንሿ።

እህቴ ለመመለስ አልቸኮለችም፤ ምስሉ ሳይቆም እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።