የ1956ቱ ወይስ የ1975ቱ? የድሮ ቤዝቦል ለማየት በየትኛው ልጀምር?

ሁለቱም የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል ዓመታዊ የፍጻሜ ውድድር) ጨዋታዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች ነው።

ጊዜ፦ የ1956ቱ የያንኪስና የብሩክሊን ዶጀርስ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የ1975ቱ የቦስተን ሬድ ሶክስና የሲንሲናቲ ሬድስ ግን ከተለመደው 9 ኢኒንግ (ዙር) አልፎ 12 ኢኒንግ ሄዶ አራት ሰዓት ፈጅቷል።

ምስል፦ የመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ፣ ሁለተኛው ባለ ቀለም።

ጨዋታው፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። በ1956ቱ የያንኪሱ ወርዋሪ ዶን ላርሰን በ97 ውርወራ 27 መቺዎችን በተራ አሰናብቶ 2 ለ 0 ሲያሸንፍ አንድም ተጋጣሚ ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ) አልረገጠም። በ1975ቱ በቦስተን ደግሞ የሬድ ሶክሱ በርኒ ካርቦ በ8ኛው ኢኒንግ 6 ለ 6 አደረገው፣ በ12ኛው የቡድን ጓደኛው ካርልተን ፊስክ የመታት ኳስ ከመስመር እንዳትወጣ በእጆቹ አየሩን እየገፋ ሲለምናት የመስመሩን ምሰሶ መታች፣ ይህም ሆም ራን (መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) ነው፤ 7 ለ 6! እኔን አሁንም ያስለቅሰኛል።

የውርወራ ጥበብ ለሚገባው ላርሰን። ለጀማሪ ፊስክ፣ አራት ሰዓት ከበዛበት ከ8ኛው ኢኒንግ ይጀምር።