የኩሽና ጣሪያ ፋን፦ በቺንጋ የሚዞረው ይሻላል ወይስ ቀጥታ ሞተር? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

ባለፈው ሐምሌ ደሴ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። ቆርቆሮው ርሷል፣ እኔ እየተንፏቀቅኩ ነው። የፋኑን ክዳን ከፍቼ ጣቴን ወደ ክንፉ ስሰድ እስከ መጀመሪያው አንጓ ሰመጠ። የጥብስ ጭስ ለዓመታት ያከማቸው ቅባት ነው፤ ጥቁር፣ የሚለጠጥ፣ ልክ እንደ ሬንጅ። ቺንጋው ዘይት ጠጥቶ ያብለጨልጫል።

ባለቤቱ ከታች ሆነው «ደክሟል አይደል? ትልቁን ልግዛ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፋኑ ደህና ነው። ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው።»

ክንፉን ፈቅፍቀን አጠብን፣ ቺንጋውን ቀየርን። ፋኑ እንደ ድሮው ይስብ ጀመር። አዲስ ቢገዙ ኖሮ እሱም ዞሮ ዞሮ እዚያው ይደርስ ነበር፤ ያ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አልነበረማ። ለዚህ ነው ፋን ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር የምጠይቀው። ጭስህ ምን ይዟል? ጣሪያው ላይስ ማን ይወጣል?

መጀመሪያ የማይሆኑትን እናውጣ

እንጀራ ብቻ የምትጋግሩ ከሆነ ከምጣዱ የሚወጣው በአብዛኛው እንፋሎት ነው። ምጣዱ የሚታሰስበት ጎመን ዘር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለዚህ ግድግዳ ላይ የሚገጠመው፣ ባለ አራት ማዕዘን ፍሬም ውስጥ የተቀመጠው ተራ ፋን ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ማንም ኤሌክትሪሽያን ይገጥመዋል። ለጥብስና ለዘይት መጥበሻ ግን አትሞክሩት። ሞተሩ የተቀመጠው ጭሱ መሃል ስለሆነ ቅባቱ ይለብሰዋል። ቅባት የለበሰ የጋለ ሞተር ደግሞ እሳት እንደመጠንሰስ ነው። ረጅም ቧንቧ ከተቀጠለበትም አቅም ያንሰዋል።

በነፋስ የምትዞረው የላሜራ ኳስ ለመጋዘንና ለጋራዥ ጥሩ ናት። መብራት አትፈልግም። ለኩሽና ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ናት።

እንጉዳይ የሚመስለውና አየሩን ወደ ታች፣ ወደ ጣሪያው የሚተፋው ደግሞ ለመታጠቢያ ቤት ይሁን። ኩሽና ላይ ከተገጠመ ቅባቱን ቆርቆሮው ላይ ይረጨዋል። ከቆርቆሮው ወደ አሸንዳ ይወርዳል። የዝናብ ውሃ በታንከር የምታጠራቅሙ ከሆነ የት እንደሚያበቃ እናንተው ገምቱ።

የሚቀረው ጭሱን ወደ ላይ የሚወረውረው ነው። ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ሞተሩ ከጭሱ ውጭ፣ በራሱ ሳጥን ውስጥ ነው። ከሥሩ የቅባት ማፍሰሻና መቀበያ አለው። እሱም በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቺንጋና ቀጥታ፣ ጎን ለጎን

ባለ ቺንጋው ሞተሩ ለብቻው፣ ክንፉ ለብቻው ነው። ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለት ፑሌጃ፣ አንድ ወይም ሁለት ቺንጋ፣ ዘንጉን የሚይዙ ሁለት ኩሽኔታዎች። ቀጥታው ላይ ክንፉ የተሰካው በራሱ በሞተሩ ዘንግ ላይ ነው። መሃል ላይ የሚበላሽ ነገር የለም። ቺንጋ የሚበላው ጥቂት ኃይልም ይተርፋል።

ይህን የሰማ ሁሉ «በቃ ቀጥታው!» ይላል። ቆይ።

ባለ ቺንጋው ሲበላሽ የሚበላሸው መኪና የሚጠግን ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ቺንጋው ላይ ቁጥር አለ፣ ኩሽኔታው ላይም ቁጥር አለ። ቁጥሩን ይዞ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ነው። ሞተሩ ቢቃጠል ልኩ የሚሆን ሌላ ሞተር ይገባል፣ ወይ ያው ይጠመጠማል። ፍጥነቱ ከበዛ ወይ ካነሰ ፑሌጃ ይቀየራል። ኮምቦልቻ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት ከተማ ናትና ቺንጋ የሚያውቅ እጅ አይጠፋም።

ቀጥታው ላይ ሁለት ነገር ለዩ። ተራ ሞተር፣ ተራ ዘንግ ያለው ከሆነ መልካም፤ ሞተሩ ቢሞት ተመሳሳዩን ትፈልጋላችሁ። ክንፉና ሞተሩ አንድ ላይ የተሠሩበት፣ ፍጥነቱን ኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠርለት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ሥራው ያምራል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ቦርዱ ሲቃጠል ግን ዓይናችሁ ወደ አዲስ አበባ ነው። መለዋወጫው እስኪመጣ ኩሽናው በጭስ ይታፈናል። መብራት ሲሄድ ሲመጣ በሚንቀጠቀጥበት ሰፈር ያለ መከላከያ አትግጠሙት።

ሻጮች ስለ ቀጥታው «ጥገና አይፈልግም» ሲሉ እሰማለሁ። ቺንጋ የለውም ማለታቸው ከሆነ እውነት ነው። ቅባቱ ግን ቺንጋ አለ የለም ብሎ አይጠይቅም፤ ሁለቱንም እኩል ይለብሳቸዋል። መታጠቡ አይቀርም።

እንግዲህ የኔን ምርጫ ጠይቃችሁኛል እንበል። የራሱ ቴክኒሻን ያለው ሆቴል፣ ጄኔሬተርና ፓምፕ የሚከታተል ሰው ደመወዝ የሚበላበት ቤት ከሆነ፣ ባለ ቺንጋውን። ትንሽ ምግብ ቤት ሆኖ ጣሪያ ላይ የሚወጣው በዓመት ሁለቴ የሚጠራ ሰው ከሆነ፣ ተራ ሞተር ያለውን ቀጥታ። ማንም የማይከታተለው ባለ ቺንጋ በወራት ውስጥ ጭስ የማይስብ ጌጥ ይሆናል።

ባለ ቺንጋውን ከገዛችሁ አንድ ልማድ ያዙ። ቺንጋው ከላላ ይንሸራተታል፤ ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል። ከከረረ ደግሞ አይጮህም፤ ኩሽኔታውን ውስጥ ውስጡን ይገድለዋል። እኔ የማየው ብልሽት አብዛኛው ከመክረር የመጣ ነው፤ ሰው ጩኸቱን ሲሰማ አጥብቆ ይስበዋልና። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ መሃሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ ልክ ነው። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል፤ በማግስቱ ተመልሳችሁ እዩት።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ የሚቀየረው

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ፋኑ በሰዓት የሚያወጣው ኪዩቢክ ሜትር አይቀንስም፤ የሚወጣው አየር ግን ስስ ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። ሞተሩም ራሱ የሚቀዘቅዘው በዚያው ስስ አየር ነው። የሞተር መለኪያዎች በተለምዶ የሚወጡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ይሄ በ2,500 ሜትር ላይ ስንት ይሠራል?» በሉት። ግራ ከተጋባ ሌላ ሱቅ እዩ።

ፍጥነት በመጨመር ለማካካስ አትቸኩሉ። ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲጨምር ሞተሩ የሚጠይቀው ኃይል 33 በመቶ ይጨምራል። ፑሌጃ ቀይሮ «አሁን ነው የሳበ!» ያለ ሰው በሳምንቱ የሞተር ጠምጣሚ ደንበኛ ሲሆን አይቻለሁ።

የደሴ ሌላው ጣጣ ብርዱ ነው። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል። ፋኑ ደግሞ የሚያወጣውን ያህል የሚገባ አየር ይፈልጋል። ከሌለ ያገኘውን ይስባል፤ ከቡናው ከሰል የሚወጣውን ጋዝ ሳይቀር ወደ ቤት ይጎትታል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል። የኩሽናው በር ሲከፈት ከከበደ ወይም ራሱ ተስቦ ከተላተመ ፋኑ አየር ተርቧል ማለት ነው። ትልቅ ፋን ከመግዛት በፊት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አውጡ። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ በሩ ክፍት ነው፤ ይሄ ችግር እዚያ ብዙም አያጋጥመኝም።

መሳብ አለመሳቡን የምፈትነው በዕጣን ነው። ማጨሻውን ከጭስ መሰብሰቢያው ጠርዝ ሥር እይዛለሁ። ጭሱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ ደህና ነው። ወደ ፊቴ ከመጣ ሥራ አለብን። ከማንኛውም ካታሎግ ይልቅ ይሄን አምናለሁ።

ሳትከፍሉ በፊት ታርጋውን አንብቡ

አንዴ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከአንድ ሱቅ ፋን ገዝቼ ገጠምኩ፤ አይስብም። ቧንቧውን ፈታሁ፣ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ምንም። በመጨረሻ የሞተሩን ታርጋ በባትሪ ብርሃን ሳይ «60 ኸርዝ» ይላል። የኛ መብራት 50 ነው። ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ በዚያ ላይ እየጋለ ነበር። ሻጩ አልመለሰልኝም። ስለዚህ ታርጋው 50 ኸርዝ፣ ለአንድ ፌዝ 220 ቮልት፣ ለሦስት ፌዝ 380 ቮልት አካባቢ ማለቱን ሳታዩ ብር አታውጡ።

ሦስት ፌዝ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ተራው የግድግዳ ፋን ወደ ኋላ ሲዞር አየሩን መልሶ ስለሚነፋ ወዲያው ይታወቃል። የጣሪያው ግን ወደ ኋላ ዞሮም ጥቂት አየር ያወጣል። «ይሠራል» ተብሎ ይተዋል፤ ደካማ የሆነበት ምክንያት ሳይታወቅ ዓመት ያልፋል። ሳጥኑ ላይ ቀስት አለ። ለቅጽበት አስነሥታችሁ ክንፉ በቀስቱ አቅጣጫ መዞሩን እዩ። አንድ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያም አስገጥሙ፤ ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

አገጣጠሙ

ፋኑን ቆርቆሮው ላይ አታስቀምጡት። አንድ ሰው ያህል የሚከብድ፣ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ክብደቱ በብረት አንግል አማካይነት ወደ ጣሪያው ተሸካሚ እንጨት ወይም ብረት ይውረድ። ሶሌታ ከሆነ ቀላል ነው። የመቀመጫው ዙሪያ የሚሸፈንበት ላሜራ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ ከታች ባለው ላይ ይደረብ። «አብሽር፣ ሲሊኮን እቀባዋለሁ» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በሌሊት ይሰበሰባል፤ ሲሊኮኑ በመጀመሪያው ክረምት ይላቀቃል።

ኤንኤፍፒኤ 96 የሚባለው የአሜሪካ የኩሽና ጭስ መመሪያ የፋኑ መውጫ ከጣሪያው ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ከፍ እንዲል፣ ከአየር ማስገቢያና ከአጎራባች ሕንፃም 3 ሜትር እንዲርቅ ይጠይቃል። ደሴ ላይ ይህ ቁጥር ራስ ምታት ነው። ከተማው ተዳፋት ስለሆነ የእናንተ ጣሪያ የላይኛው ጎረቤት ግቢ ነው። ፋኑን ገጥሜ ቀና ስል ሴትየዋ ልብስ እያሰጡ ዓይን ለዓይን የተያየንበት ቀን አለ። ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ እዩ።

ፋኑ በማጠፊያ ወደ ጎን የሚጋደም ይሁን። ይህ ሳይኖር ሲቀር አጣቢው ክንፉንና ቧንቧውን አይደርስበትም፤ የማይደረስበት ደግሞ አይታጠብም።

ጣሪያው ላይ

ያው መመሪያ በከሰልና በእንጨት የሚሠራ ኩሽና በየወሩ፣ ቀን ከሌት የሚጠብስ በየሦስት ወሩ፣ መካከለኛው በየስድስት ወሩ ቅባቱ እንዲፈተሽ ይላል። የሙስሊም ምግብ ቤት ከሆነ የረመዳን ቀን ለእጥበት የሚመች ጊዜ ነው፤ ምድጃው ቀዝቅዞ ይውላል። የክርስቲያን ቤቶች ዐቢይ ጾም ሲገባ ቢያሳጥቡ ጥሩ ነው። ጾም ነው ብሎ መዘናጋት ግን አያዋጣም፤ የጾም ምግብም ዘይት ነው።

ቆርቆሮ ላይ ስትሄዱ ምስማር በተመታበት መስመር ርገጡ፤ ከሥሩ ማገር አለ። ሲረጥብና ሲጎም አትውጡ። እኔ በሐምሌው የሠራሁትን አትድገሙ። ገመዳችሁን ከጣሪያው ተሸካሚ ጋር እሰሩት፤ የዲሽ ብረት ላይ የሚያስሩ አሉ፣ እሱ ራሱ ተይዞ የቆመ ነው።

መብራት ሲሄድ «አሁን ደህና ነው» ብሎ እጁን ፋን ውስጥ የሚያስገባ ብዙ ነው። ብሬከሩን አጥፉ፣ ሳጥኑን በጓጉንቸር ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ከታች ላለ ልጅ አትስጡ። በዚያው ሐምሌ ክንፉን እየፈቀፈቅኩ ሳለሁ ከሥር «መብራት መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የጎረቤቱ ፋን ተንደርድሮ ተነሣ። የኔ ክንድ እስከ ክርኑ ውስጥ ነበር። በሌላኛው እጄ ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፉ አለ።