ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፦ ሆዴ ውስጥ ስለማሳድራቸው ፈሳሾች

ስለ ስልክና ስለ ጫማ አስተያየት የማይጽፍ ሰው የለም። ቀንና ሌሊት ሆድ ውስጥ ስለሚውለውና ስለሚያድረው የኩላሊት እጥበት ፈሳሽ ግን የተጠቃሚ ግምገማ ብፈልግ አላገኘሁም። ኩላሊቶቼ ሥራቸውን መወጣት ካቃታቸው ወዲህ በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ሊትር በሆዴ ቱቦ አስገብቼ የማስወጣ ሰው ነኝና የማውቀውን ልጻፍ።

የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በማጣሪያነት ያገለግላል። ቆሻሻው ከደም ወደ ፈሳሹ ይሻገራል፤ ትርፉን ውኃ የሚስበው ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ነው። በእኔ ከረጢቶች ላይ ቢጫው ምልክት 1.36፣ አረንጓዴው 2.27፣ ቀዩ 3.86 በመቶ ግሉኮስ ማለት ነው። 1.5፣ 2.5 እና 4.25 ተብሎ የተጻፈበት ካጋጠማችሁ አትደናገጡ፤ የስኳሩ አለካክ ተለያየ እንጂ ፈሳሹ ያው ነው።

ቢጫው ገር ነው፤ ብዙ ውኃ አይስብም። ገና የሚሸና ሰው ግን ብዙ ጊዜ በእርሱ ይብቃቃል። አረንጓዴው በመካከል ያለ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም።

ቀዩን በተመለከተ ግን ብዙ አለኝ። እግር ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር የሚደርስልን እርሱ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ዛሬ አበድሮ ነገ ከነወለዱ የሚቀበል አራጣ አበዳሪ ነው። በአንድ ሁለት ሊትር ከረጢት ውስጥ 77 ግራም ያህል ግሉኮስ አለ፤ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ በቆየ ቁጥር አብዛኛው ወደ ደም ይገባል። ክብደት ይጨምራል፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት ከፍ ይላል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ለዓመታት በስኳር የታጠበ ሽፋን ይወፍራል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችም ይበቅሉበታል። ያን ጊዜ ግሉኮሱ ቶሎ ወደ ደም ስለሚያልፍ ውኃ የመሳብ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። ውኃው አልወጣ ሲል ምን ይታዘዛል? ሌላ ቀይ። ቀዩ ከረጢት ራሱን በራሱ አስፈላጊ ያደርጋል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ አሲዱ ነው። ባለ አንድ ክፍሉ የቀድሞ ዓይነት ፈሳሽ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 አካባቢ፣ ማለትም አሲዳማ ነው። እንዲህ የሚደረገው ፈሳሹ ከጀርም እንዲጸዳ በሙቀት ሲታከም ግሉኮሱ እንዳይፈራርስ ነው፤ ይሁንና ከመፈራረስ ፈጽሞ አይድንም፤ ፍርስራሹም ሽፋኑን ይጎዳል። እኔን ሲገባ ከእንብርቴ በታች ያቃጥለኝ ነበር። ባለ ሁለት ክፍሉ ከረጢት ስኳሩን በአንድ በኩል፣ አሲዱን የሚያለዝበውን ባይካርቦኔት በሌላ በኩል ይዞ ይመጣል። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በሁለት መዳፍ ጫን ሲሉት መሐል ያለው ስፌት ጠብ ብሎ ይለቅና ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ሳይቀላቀል ወደ ሆድ መግባት ፈጽሞ የለበትም። ከቀየርኩ ወዲህ ማቃጠሉ ጠፍቷል። ከስሜት ያለፈ ማስረጃም አለው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) የጥናቶች ግምገማ ይህ ዓይነቱ ፈሳሽ የቀረውን የኩላሊት ሥራና የሽንት መጠን በተሻለ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ዕድሜ ማራዘሙ ግን በእርግጠኝነት አልታየም። ለእኔ ሽንቱ ብቻ ይበቃኛል፤ በቀን አንድ ብርጭቆ ውኃ ጨምሮ መጠጣት መቻል ምን ማለት እንደሆነ ጥማቱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሐምራዊው አይኮዴክስትሪን ነው፤ በግሉኮስ ፋንታ ከስታርች የተሠራ ትልቅ ሞለኪውል። ቶሎ ወደ ደም ስለማያልፍ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሲስብ ያድራል። ጠዋት የወጣውን ከረጢት ሚዛን ላይ ስሰቅለው ከገባው በልጦ አገኘዋለሁ፤ በቢጫው ባደርኩባቸው ሌሊቶች የሚወጣው ከገባው ያንስ ነበር። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይታዘዝም፤ አንዳንዱን ሰው ቆዳው ላይ ሽፍታ ያወጣበታል።

ዋናው ጉድለቱ ሌላ ነው። በሰውነት ውስጥ ማልቶስ ወደሚባል ሌላ ዓይነት ስኳር ይለወጣል፤ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች ደግሞ ማልቶሱን ግሉኮስ ብለው ያነቡታል። መለኪያው «ከፍ ብሏል» ሲል እውነተኛው ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የመለኪያው ወረቀት ግሉኮስን ብቻ የሚለይ መሆኑን ከሐኪሙ ጋር ያረጋግጥ፤ ድንገተኛ ክፍል ሲገባም በዚህ ፈሳሽ እንደሚታጠብ አስቀድሞ ይናገር። ይህን የሚያህል ማስጠንቀቂያ ታጥፎ በተቀመጠ ወረቀት ላይ በጥቃቅን ፊደል መጻፉ ያናድደኛል። አምራቾች ከረጢቱ ፊት ላይ በትልቁ ያትሙት።

በሁሉም ከረጢት ፕሮቲን ይወጣል፤ በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ያህል። ስለዚህ ስኳሩ የምግብ ፍላጎትን ሲዘጋ ጉዳቱ እጥፍ ነው። የወጣው ፈሳሽ የጠራ መሆኑን ማየትም ከቀለም ምርጫ ይቀድማል፤ ከረጢቱን ጽሑፍ ላይ አስደግፌ ፊደሉ ካልተነበበኝ ኢንፌክሽን ጠርጥሬ ከነከረጢቱ ወደ ሐኪም እሄዳለሁ።

አሁን ሐኪሜ ያዘዘልኝ ቀን ባለ ሁለት ክፍሉን ቢጫ፣ ሌሊት ሐምራዊውን ነው። ጨው ቀንሼ የምበላው ቀዩን ላለመንካት ነው፤ አንድ ካርቶን ቀይ ግን እብጠት ለሚመጣበት ቀን ቤት ውስጥ አለ።