የአባቴን ዲኤክስ ከደላላ እጅ ላተረፉልኝ መካኒክ

ይህን ምስጋና ከሦስት ሳምንት በፊት ልጽፈው አስቤ ነበር። ሆኖም ሁለት ጋራዦች አቃጥለውኛልና ሦስተኛውን ለማመስገን አልቸኮልኩም፤ "እስቲ መጀመሪያ መኪናዋን ልንዳት" አልኩ። ነዳኋት። ከአያት አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ አያት፣ 21 ቀን ሙሉ። የመገናኛን የጠዋት መጨናነቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ተገትራ እንኳ አንድ ቀን አልፈላችም። እንግዲህ አሁን አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ኮሮላ ዲኤክስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1982 ስሪት፣ ድሮ ቢጫ የነበረች። አባቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ገዝቷት በ2011 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ከእሱ በቀር መሪዋን የጨበጠ ሰው አልነበረም። (እናቴ አንድ ጊዜ ሞክራ የጎረቤት አጥር ጥሳለች፤ እሱ ለብቻው የሚወራ ታሪክ ነው።) በሰፈራችን ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ ሆስፒታል የምትደርሰው በዚህች መኪና ነበር። አባቴ ለነዳጅ እንኳ ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። "ስሙን በእኔ አውጡት" ይል ነበር፤ እስካሁን ግን በስሙ የተጠራ ልጅ አልሰማሁም።

ችግሩ የጀመረው አምና ክረምት ላይ ነው። ዳገት ስትወጣ ወይም መንገድ ሲዘጋጋ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል። ውኃ በጀሪካን ይዤ መዞር ለመድኩ። የሥራ ባልደረቦቼ "ዛሬስ ቡናውን አፈላሽበት?" እያሉ ይስቁብኛል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ "ቴስታታው ተጣሟል፤ ይላጋል" አለኝ። ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። በአራት ቀን ትደርሳለች የተባለችው መኪና 19 ቀን ቆየች፣ 38 ሺህ ብር ከፈልኩ። ስረከባት ክሪኩ የለም፤ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) በሌላ ያለቀለት ጎማ ተለውጧል፤ አባቴ በልብስ ሰፊ ያሠራው የወንበር ልብስ ላይ የቅባት መዳፍ ታትሞበታል። ስጠይቅ ኃላፊው ዓይኔን እንኳ ሳያይ "ባለቤትሽን ይዘሽ ነይና እንነጋገራለን" አለኝ። የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ አልኩት። አልገባውም፤ ወይም ገብቶታል። በአምስተኛው ቀን እንደገና ፈላች።

ሁለተኛው ጋራዥ ትልቅ ነው፣ እንግዳ መቀበያ ሁሉ አለው። አንድ ወጣት ኮፈኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል አየና "ይህ ሞተር ታድሶ አያውቅም፤ አልቆለታል" ብሎ ዘጋው። ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ለመግጠም 185 ሺህ ብር ጠየቀኝ። "ካልሆነልሽ ሽጫት፤ በዚህ ዕድሜዋ ገንዘብ አታፍስሺባት።" የጋበዙኝን ሻይ ገና ሳልጨርስ አንድ ደላላ ከየት እንደመጣ ሳላየው አጠገቤ ተቀምጧል። 400 ሺህ ብር፣ ያውም "ለብረቷ ብዬ ነው እንጂ" እያለ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ያለው አገልግሎት በአገራችን አይቼ አላውቅም።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። ልሽጣትስ ብል ምን ልገዛ ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 ከመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ቪትዝ እንኳ ከእኔ አቅም ርቃለች። ወንድሜ "ኤሌክትሪክ ግዢ" ይለኛል። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሽቦውን በመስኮት አውርጄ በጎረቤት የተሰጣ በርበሬ ላይ አሳልፌ ነው መኪና የምሞላው? ደግሞስ በምን ብድር?

እኚህን መካኒክ የጠቆመችኝ የቢሮአችን ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የልጇ አሠሪ ናቸው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሦስት መኪና የማትይዝ የቆርቆሮ ጋራዥ ነች። እውነቱን ልናገር፣ ሳያት ልመለስ ነበር።

ጋሼ ከስድሳ የዘለሉ ይመስሉኛል። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሞተሩ አይደለም። "ልጄ፣ በቀን ስንት ትነጂያለሽ? ከከተማ ትወጫለሽ? ልጆች ትጭኛለሽ?" አሉኝ። መለስኩላቸው። ከዚያ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገቡ፤ በዚያ ዕድሜ! ሻንሲውን፣ መኪናዋን የተሸከመውን የብረት አጥንት፣ ከዳር እስከ ዳር በካቻቪቴ ጫፍ እየወጉ ሲያንኳኩ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲወጡ "ሞተር ይለወጣል፤ ሻንሲ ከበሰበሰ ግን መኪና የለም። ቢበሰብስ ኖሮ ዛሬውኑ ሽጫት እልሽ ነበር። የአንቺ ጤነኛ ነው" አሉኝ። ሁለቱ ጋራዦች ከሥሯ ጎንበስ እንኳ አላሉም ነበር።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። ክሩስኮቶውን (ከፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ) ሲከፍቱ የአባቴን ደብተር አገኙ። ስለ ደብተሩ አውቃለሁ፤ ግን የሟች እጅ ጽሑፍ ማንበብ ስለሚከብደኝ ከፍቼው አላውቅም። አባቴ ዘይት የቀየረበትን፣ ካንዴላ የገዛበትን፣ ጎሚስታ ዘንድ የሄደበትን ቀን ሁሉ ከነዋጋው በሁለት ዓምድ መዝግቧል። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመሩ። ሌላ ደንበኛ መጥቶ "ጋሼ" ሲላቸው "ቆይ፣ ሰው እያናገርኩ ነው" አሉት።

ሰው እያናገርኩ ነው። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

መጋቢት 2007 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፦ "ሞተር ሙሉ በሙሉ ታደሰ።" ያ "ታድሶ አያውቅም" የተባለው ሞተር! ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ፈትተው አሳዩኝ። የዳቦ ቁራሽ የምታክል ነገር ናት። ስፕሪንጓ ላልታለች፣ ላስቲኳ ተበልቷል። "ባቄላ አዳማ ላይ ነው ቶሎ የሚበስለው ወይስ እዚህ?" ብለው ጠየቁኝ። አዳማ አልኩ። "አዎ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ክዳን ውኃውን አፍኖ ይይዘዋል፣ ጥርቅም ብሎ እንደሚዘጋ ድስት። ሲላላ ግን ውኃው ቶሎ ፈልቶ ይወጣል፤ ሞተርሽም ይጋላል።" ሌላም ነገር አክለዋል፣ ስለ አንድ የተሰነጠቀ ቱቦና ስለ ራዲያተሩ መታጠብ፤ እኔ ግን ባቄላው ላይ ቀርቻለሁ።

38 ሺህ ብር ከፍዬ፣ 185 ሺህ ተጠይቄ፣ ነገሩ ክዳን ነው!

የሠሩልኝን ሁሉ፣ ፍሬኑን ጨምሮ፣ ዕቃውንም የእጃቸውንም 9,400 ብር አስከፈሉኝ። የወለቁትን ዕቃዎች በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፣ "የአንቺ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ወስደሽ ጠይቂ" ብለው። ከዚያ በወረቀት ላይ አሁን የግድ የተሠራውን፣ እስከሚቀጥለው ቦሎ (የዓመት ምርመራ) የሚቆየውንና "ማንም ቢልሽ እንዳታሠሪው" ያሉትን ለየብቻ ጻፉልኝ። ሦስተኛው ክፍል ከሁለቱ ይረዝማል።

አላሞኙኝም ደግሞ። "ለከተማ እመሰክርላታለሁ፤ ልጅ ጭነሽ ረጅም መንገድ እንዳትወጪባት። የአየር ከረጢት የላት፣ ምን የላት፤ ብትጋጪ የሚያድንሽ ይህ ቀበቶ ብቻ ነው" ብለው የላላውን የኋላ ቀበቶ ካላሠራሁ ቁልፉን አልሰጥም አሉ። ዕድሜዋ ሲያበቃም ራሳቸው እንደሚነግሩኝ ቃል ገቡልኝ። አምናቸዋለሁ። ከእሳቸው አፍ ከሰማሁት ደላላውን ራሴ እጠራለሁ።

ስወጣ ደብተሩን መልሰው ክሩስኮቶው ውስጥ ሲያስቀምጡ አየሁ። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ከአባቴ የመጨረሻ መስመር ሥር፣ በእሱው ሁለት ዓምድ፣ ቀኑን፣ የክዳኗን ዋጋና የቱቦውን ዋጋ ጽፈዋል። በጣም አስቀያሚ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ብቻችሁን ጋራዥ የምትሄዱ እህቶቼ፣ "ሞተሩ ሞቷል" ከተባላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂዱ። "ባልሽ የት አለ" የሚል ጥያቄ የለም። እባካችሁ ሂዱ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፤ "ስልክ ከበዛ እጄ ከሥራ ይወጣል" ብለው ለምነውኛል። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ቦታውን እነግራለሁ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ መቆሚያ አይገኝም። ቅዳሜ አይሠሩም። ዋጋ አትከራከሯቸው፤ ይቀየማሉ፣ ሲቀየሙ ደግሞ ዝም ነው የሚሉት።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎ፣ ሰኞ እመጣለሁ። የቀኝ መስኮት አልወርድ ብሏል። አውቃለሁ፣ ሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ግን ሞቀኝ።