የአክሰለሬተሩን ውል ከመፈረማችሁ በፊት አባሪውን አንብቡ

በአቪዬሽንና በጠፈር ዘርፍ ጀማሪ ኩባንያ መሥርታችሁ፣ አንድ ትልቅ የአውሮፕላን ወይም የሞተር አምራች ወጪውን ወደሚሸፍነው አክሰለሬተር (ጀማሪ ኩባንያን ለጥቂት ወራት በገንዘብና በሥልጠና ደግፎ በምላሹ የአክሲዮን ድርሻ ወደሚወስድ ፕሮግራም) ለማመልከት የምትዘጋጁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አታመልክቱ አልልም። ሲቀበሏችሁ የሚልኩላችሁን ውል፣ በተለይም ከዋናው ውል ጀርባ ተያይዞ የሚመጣውን አባሪ፣ መስመር በመስመር ሳታነብቡ እንዳትፈርሙ ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለሚሰጠው የአክሲዮን መቶኛ ነው። በዚህ ዘርፍ ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ የምንኖረው በኮሎራዶ፣ በዴንቨር አቅራቢያ ነው። የሠራነው መሣሪያ የአውሮፕላን አካል ከሚሠራባቸው የካርቦን ፋይበር ሰሌዳዎች ውስጥ ንብርብሮቹ የተላቀቁበትን ቦታ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ ነው። ስሙን የማልጠራው የአውሮፕላን ክፍሎች አምራች የሚደግፈው አክሰለሬተር ተቀበለንና ውሉን ላከልን። ዋናው ውል አጭርና ግልጽ ነበር፤ ገንዘቡ ይህን ያህል፣ ድርሻው ይህን ያህል፣ ሥልጠናው ሦስት ወር። «የስትራቴጂ አጋርነት አባሪ» የሚል ርእስ ያለው ሁለተኛው ሰነድ ግን ከዋናው ይረዝማል። ኩባንያችንን የሚገዛ ወይም ገንዘብ የሚያስገባ ሌላ ወገን ከመጣ፣ ያንኑ ዋጋ በመጀመሪያ ለአምራቹ አቅርበን መልሱን እንድንጠብቅ ያስገድዳል። በተወዳዳሪነት ስማቸው ለተዘረዘረ ድርጅቶች በፕሮግራሙ ጊዜና ከዚያም በኋላ ለአንድ ዓመት እንዳንሸጥ ይከለክላል። በፕሮግራሙ ውስጥ የተገኘ የሙከራ መረጃና «አስተያየት» ደግሞ የአምራቹ ንብረት ይሆናል ይላል።

የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር ስንመለከት፣ መሣሪያውን እንሸጥላቸዋለን ብለን ያሰብናቸው ድርጅቶች አብዛኞቹ እዚያው ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የስልክ መተግበሪያ የሠራ ሰው አንድ ደንበኛ ቢያጣ ሺህ ሌላ አለው። በእኛ ዘርፍ ገዢው በጣት የሚቆጠር ነው። ትልልቅ የመንገደኞች ጄት በዓለም ገበያ የሚሸጡት በዋናነት ኤርባስና ቦይንግ ናቸው። ወደ ሞተር ብትሄዱ ጂኢ፣ ፕራት ኤንድ ዊትኒ፣ ሮልስ ሮይስ፣ እንዲሁም ጂኢ ከፈረንሳዩ ሳፍራን ጋር በጋራ ያቋቋመው ሲኤፍኤም ነው። ከነዚህ ለአንዱ ብቻ ለመሥራት ከፈረማችሁ የገበያውን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ፣ በገዛ እጃችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው። ለዚህ መስዋዕትነት ክፍያ የለውም፤ ወደ ኪሳችሁ የገባው ገንዘብ የተከፈለው ለአክሲዮኑ ነው እንጂ ገበያውን ለመዝጋታችሁ አይደለም።

የቀዳሚ ግዢ መብት የሚባለውም፣ ሌላ ገዢ ሲመጣ ዋጋውን በመጀመሪያ ለአምራቹ እንድታቀርቡ የሚያስገድደው አንቀጽ፣ ሲነበብ ጉዳት ያለው አይመስልም። «ሌላ ሰው የሚሰጣችሁን ያህል እኛም እንሰጣለን፤ ምን ትጎዳላችሁ?» ይሏችኋል። ጉዳቱ የሚታየው ሌላ ባለሀብት ስትፈልጉ ነው። አንድ የገንዘብ ተቋም ኩባንያችሁን ሊመረምር ጠበቃና ባለሙያ ቀጥሮ፣ ሳምንታት አጥፍቶ ዋጋ ካወጣ በኋላ ያንን ዋጋ ሌላው አንሥቶ የሚወስድበት ከሆነ ለምን ይደክማል? ብዙዎቹ ገና አንቀጹን ሲያዩ ይሸሻሉ። ደጋፊው ድርጅት መብቱን ሳይጠቀምበት ቢቀር ደግሞ የባሰ ነው፤ «ከውስጥ የሚያውቃቸው አልፈለጋቸውም» የሚል ወሬ ገበያው ውስጥ ይነዛል። ቢገዛም ባይገዛም ተጎጂዎቹ እናንተ ናችሁ።

በምርጫው የመጨረሻ ዙር የአምራቹ መሐንዲሶች ወደ ቤተ ሙከራቸው ጠርተውን ነበር። ሆን ተብሎ ጉድለት የተሠራበት፣ የብርድ ልብስ የሚያህል ጥቁር ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀን። መሣሪያችንን ላዩ ላይ ስናንሸራትት፣ ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ በስክሪኑ ላይ ቀይ ሆኖ ወጣ። አንዱ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ አነሣ። አንዲት ባልደረባው ደግሞ በጣም በትሕትና ጥሬውን የሞገድ ፋይል በፍላሽ እንድንገለብጥላት ጠየቀች። ያ ፋይል ማለት የሥራችን ልብ ነው፤ ምልክቱን ከጫጫታ የምንለይበት መንገድ ከውስጡ ሊነበብ ይችላል። እስከዚያ ቀን ድረስ የምስጢር ጥበቃ ስምምነት እንኳን ሊፈረም ረቂቁም አልተላከልንም። እኛም ፋይሉን አልሰጠናቸውም። ፊታቸው ጠቆረ፤ ይጥቆር።

መሐንዲሶቹ ክፉዎች ናቸው እያልኩ አይደለም። ሥራቸው ማወቅ ነው፣ የጠየቁትም የሚጠቅማቸውን ነው። ጥያቄው እናንተ ምን ይዛችሁ እንደምትገቡ ነው። የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ ሳታስገቡ ፈጠራችሁን በአደባባይ ካሳያችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻ ለማስገባት የአንድ ዓመት እፎይታ አላችሁ። በአውሮፓ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ እፎይታ የለም፤ ከማመልከቻው በፊት ይፋ የሆነ ነገር አዲስነቱን ያጣል፣ መብቱም ይቀራል። ፕሮግራሙ የሚዘጋበት፣ በባለሀብቶች ፊት መድረክ ላይ ወጥታችሁ ሥራችሁን የምታሳዩበት ቀን ደግሞ አደባባይ ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ገለጻ አስቀድማችሁ ቢያንስ በአሜሪካ ጊዜያዊ የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። ክፍያው አነስተኛ ነው፣ ዋናውን ለማስገባትም 12 ወር ይሰጣችኋል። አጣድፋችሁ እንዳትጽፉት ብቻ ተጠንቀቁ፤ ጥበቃ የሚያገኘው በውስጡ የተገለጸው ብቻ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በዚህ ሥራ ታዋቂ የሆነው ቴክስታርስ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው 20 ሺህ ዶላር በ6 በመቶ ድርሻ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ አክሲዮን የሚለወጥ 100 ሺህ ዶላር ብድር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ውሉን አሻሽሎ ጠቅላላውን ወደ 220 ሺህ ዶላር አድርሶታል፤ 20 ሺው በ5 በመቶ፣ ቀሪው 200 ሺህ ደግሞ ሴፍ በሚባለው፣ ወደፊት ወደ አክሲዮን በሚለወጠው ውል። ይህን ያነሣሁት ዋጋው በአደባባይ የታወቀ ስለሆነና ለማነጻጸሪያ ስለሚያገለግል ነው። 20 ሺህን ለ5 በመቶ ብታካፍሉት ኩባንያችሁ በ400 ሺህ ዶላር ተገመተ ማለት ነው። ይህ ዋጋ ለሁሉም መጥፎ አይደለም፤ ስም፣ አማካሪና የባለሀብት ትውውቅ አብሮ ይመጣል። የተላከላችሁ ውል ግን ከዚህ ያነሰ ገንዘብ በበለጠ ድርሻ የሚጠይቅ ከሆነና በላዩ ላይ ያንን አባሪ ከጫነ፣ ከታወቀው ገበያ በታች እየተሸጣችሁ ነው። የእኛ እንደዚያ ነበር። «ለማመልከቻ ክፈሉ» ወይም «የሥልጠና ክፍያ በቅድሚያ አስገቡ» የሚላችሁን ደግሞ መልስም አትስጡት።

ሦስት ወር ብዙ ሊመስላችሁ ይችላል። በአውሮፕላን ላይ የሚገጠም ነገር ግን በሦስት ወር የትም አይደርስም። በበረራ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ዲኦ 178 ሲ በሚባለው መመዘኛ መሠረት ተፈትሾ፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ወይም የአውሮፓው አቻው እስኪቀበለው ድረስ ዓመታት ይወስዳል። ወጪውም አክሰለሬተሩ ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የፕሮግራሙ ማስታወቂያ «ከደጋፊያችን ጋር የሙከራ ፕሮጀክት ትሠራላችሁ» ሲል ልብ በሉ፤ ማን ይከፍላል? በእኛ ሰነድ ላይ ሙከራው «በጀማሪው ኩባንያ ወጪ» ይላል፣ ከሙከራው በኋላ የግዢ ትእዛዝ ይኖራል የሚል ግን አንድም ቃል የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የሙከራ ፕሮጀክት ከተባለ መጠኑ፣ ክፍያው፣ የስኬት መለኪያውና ከስኬት በኋላ የሚመጣው እርምጃ ተጽፎ ይሰጣችሁ።

ደጋፊው ድርጅት ራሱ ነገ ሐሳቡን ሊለውጥ እንደሚችልም አትርሱ። ቦይንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ሆራይዘን ኤክስ የሚባል በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ክፍል አቋቁሞ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2019) በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበትን፣ ሁላችንም ሐዘኑን የማንረሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ ተከትሎ 737 ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። ከዚያም ወረርሽኙ መጣ። በ2020 ኩባንያው የወደፊት የአየር ትራንስፖርትን ያጠና የነበረውን ቦይንግ ኔክስት የተባለ ክፍል ዘጋ፤ በ2021 ደግሞ ሆራይዘን ኤክስን ከውጭ ባለሀብት ጋር በማጣመር ከራሱ አወጣው። ይህ የአንድ ኩባንያ ብቻ ጠባይ አይደለም። ትልቅ ድርጅት ሲቸገር ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቆርጠው የፈጠራ ክፍሉን ነው። እናንተን የመረጠችው ሥራ አስኪያጅ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ልትሆን ትችላለች፤ የፈረማችሁት ክልከላ ግን ከናንተ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ደጋፊው ፕሮግራሙን ቢዘጋ ወይም ፍላጎት ቢያጣ ግዴታዎቹ በሙሉ ወዲያው ይቋረጣሉ የሚል አንቀጽ ጠይቁ።

አሜሪካ ላላችሁ ሐበሾች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይህን ነገር የሚነግራችሁ አላገኘሁም፣ በጣም ያሳስበኛል። ፕሮግራሞቹ «ከየትኛውም አገር የመጡ መሥራቾችን እንቀበላለን» ይላሉ። መከላከያና ጠፈር የሚነካ ሥራ ግን ኢታር በሚባለው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ዝውውር ደንብ ሥር ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ደንብ «የአሜሪካ ሰው» የሚባለው ዜጋ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ (ግሪን ካርድ) ያለው፣ በስደተኛነት ተቀባይነት አግኝቶ የገባ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ነው። በተማሪ ቪዛ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ፣ የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለትም ሰው አይገባበትም። ለእንዲህ ያለ ሰው በደንቡ የተያዘ ቴክኒካዊ መረጃ ያለ ፈቃድ ማሳየት፣ እዚያው ዴንቨር ተቀምጦም ቢሆን፣ መረጃውን ወደ ውጭ አገር እንደ መላክ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ላለ ፕሮግራመር ጓደኛ ኮዱን በኢሜይል መላክማ ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ከመሥራቾቹ አንዱ እንዲህ ያለ ሁኔታ ካለው፣ የሙከራው መረጃ በየትኛው ደንብ ሥር እንደሚወድቅ ደጋፊው ድርጅት በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ከተቀላቀላችሁ በኋላ ጓደኛችሁን ከስብሰባ ክፍል ውጪ ስታስቀምጡት መረዳት በጣም ያማል።

ሌላ በር የለም ብላችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ የአነስተኛ ኩባንያዎች የምርምር ፕሮግራም፣ ኤስቢአይአር፣ ናሳንና አየር ኃይሉን ጨምሮ ከመንግሥት ተቋማት የሚሰጠው ገንዘብ አክሲዮን አይወስድም። ኩባንያው በብዛት በአሜሪካ ዜጎች ወይም በቋሚ ነዋሪዎች የተያዘ መሆን አለበት። ምክር ቤቱ የፕሮግራሙን ፈቃድ በየጊዜው ስለሚያድሰው፣ ስታመለክቱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። አውሮፓ ላላችሁ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የንግድ ማበልጸጊያ ማዕከላት 50 ሺህ ዩሮ ገደማ ያለ አክሲዮን ይሰጣሉ። ደጋፊዎቹ ብዙ የሆኑበት አክሰለሬተርም አንድ ብቻ ካለው ይሻላል። በ2019 በሎስ አንጀለስ የተጀመረውን የቴክስታርስና የስታርበርስት የጠፈር ፕሮግራም ሎክሂድ ማርቲንና ኖርዝሮፕ ግራማን በአንድነት ደግፈውታል። ተፎካካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ብቻውን በሩን ለመዝጋት ይከብደዋል።

እኛ የአባሪው ሦስት አንቀጾች እንዲወጡ በደብዳቤ ጠየቅን። የቀዳሚ ግዢውን መብት ወደ «ማሳወቅ» ብቻ እንዲለውጡት፣ ክልከላው በአንድ በጠበበ አገልግሎት ላይ ብቻ እንዲወሰን፣ መረጃው ደግሞ የእኛ ሆኖ ለእነሱ የመጠቀም ፈቃድ እንድንሰጣቸው አማራጭ አቀረብን። መልሱ «ሰነዱ ለሁሉም አንድ ነው፣ አይለወጥም» የሚል ነበር። አልፈረምንም። በዚያው ዙር የገቡ ሌሎች መሥራቾችን በኋላ ስናነጋግር አንደኛው ቡድን ክልከላውን ማስቀነሱን ሰማን። ስለዚህ «አይለወጥም» ሲሏችሁ ቀድሞ የተመረቁትን ጠይቁ፣ እንዲያውም ፕሮግራሙ ራሱ ከሚያገናኛችሁ ይልቅ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ያገኛችኋቸውን። ምን ያህሉ ከደጋፊው የተከፈለ ትእዛዝ እንዳገኙ ጠይቁ።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ሰነዱን አውጡና የግዴታዎቹን ማብቂያ ቀን ፈልጉ። አዲስ ባለሀብት ከመምጣቱ በፊት ደጋፊው የቀዳሚ መብቱን በጽሑፍ እንዲተው ጠይቁ፤ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይልቅ አሁን መልሱን ማግኘት ይቀላል። ጠበቃ ስትይዙ የቤት ሽያጭና የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚይዘውን ዘመድ ሳይሆን የጀማሪ ኩባንያ ውል ዘወትር የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ውይይት በነጻ ያደርጋሉ፣ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉ የነጻ አገልግሎት ክሊኒኮችም እንዲህ ያለ ውል ያነብባሉ።